በገና ጨዋታ ጌታ የማይቆጣው ለምንድን ነው? ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ስለነበሩ የመደብ ሥርዓትና ስፖርት

(በሱሉልታ ለተሰበሰቡ የስፖርት መምህራን፣ አሠልጣኞችና ወጣቶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራንና አሠልጣኞች፣ ውድ ወጣቶች፤

እንድናገርበት የተጋበዝሁት ጉዳይ ፋብሪካና ባቡር ከመምጣታቸው በፊት የኅብረተሰቡ አኗኗርና የመደብ ልዩነት ስፖርትን እንዴት እንደቀረጹት ነው። ርዕሱ ሰፊ ስለሆነ ከአንድ ጥያቄ ላለመራቅ እሞክራለሁ። በዚያ ዘመን ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ሜዳ፣ ከማን ጋር እንዲጫወት ይፈቀድለት ነበር? ዛሬ ስፖርት ስንል ቀድሞ የሚታወሰን የጨዋታው ሕግ፣ የሜዳው ስፋት፣ የተጫዋቹ ብዛትና የዳኛው ፊሽካ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ግን ከጨዋታው ሕግ በፊት የሚመጣው የፈቃድ ጉዳይ ነበር። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የራሳችን በዓላት ካልሆኑ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከምናውቀው ልነሣ። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ ግን ይደርቃል፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ እህሉም ወደ አውድማ ይገባል። የገና ጨዋታ ወቅት ይህ ነው። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን እየመቱ ወደ ባላጋራ ወገን መንዳት ነው፤ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፣ የሜዳው ዳርቻ አይሰመርም፣ ላይኛው መንደር ከታችኛው፣ ያገባው ካላገባው ይጋጠማል። በዙሪያችን ያሉ የኦሮሞ ገበሬዎችም ቅሌ የሚሉት ተመሳሳይ ጨዋታ አላቸው። ወቅቱን የመረጠው በዓሉ ብቻ አይመስለኝም። ገበሬው ጉልበቱንና ጊዜውን ከማሳው የሚያሳርፍበት፣ መሬቱም ቢረገጥ የማይጎዳበት ጊዜ ከምርት መሰብሰብ በኋላ ያለው ጥቂት ሳምንት ስለሆነ፣ የጨዋታው ቀን መቁጠሪያ የእርሻው ቀን መቁጠሪያ ነበር። ይህ ለእኛ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ከኢንዱስትሪ በፊት በነበረው የአውሮፓ ገጠርም ትልልቆቹ የሕዝብ ጨዋታዎች የሚደረጉት በገና፣ ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ባለው ቀንና በየደብሩ ንግሥ ነበር።

«በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን አባባል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጌታውም አሽከሩም አንድ ሜዳ ላይ ይገባሉ፤ አሽከሩ ዱላውን ሲያነሣ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኝ ይቅር ይባላል። ይህን አባባል ብዙ ሰው የእኩልነት ምስክር አድርጎ ይጠቅሰዋል፤ አባቶቻችን ቢያንስ በጨዋታ ሜዳ ላይ ልዩነት አያውቁም ነበር ለማለት። እኔ በዚህ አልስማማም። ጌታ በገና ጨዋታ አይቆጣም ብሎ መናገር ያስፈለገው በሌላው ጊዜ ሁሉ ስለሚቆጣ፣ ቁጣውም ጅራፍና እግር ብረት ስላለው ነው። ሜዳው ላይ ልዩነቱ አልጠፋም፤ በጌታው መልካም ፈቃድ ለግማሽ ቀን ታገደ እንጂ። ፈቃዱ መኖሩ ራሱ ፈቃጅና ተፈቃጅ እንዳሉ ይናገራል።

ይህን አነጋገሬን የተጠራጠረ ሰው ቢኖር፣ ከእኛ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበራት እንግሊዝ በ1541 ያወጣችውን ሕግ ይመልከት። በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን የወጣው ይህ ሕግ የእጅ ባለሙያ፣ ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የሙያ ተለማማጅና የቤት አገልጋይ ቴኒስ፣ የኳስ ማንከባለል ጨዋታ፣ ዳይስና ካርታ እንዳይጫወቱ ይከለክላል። አንድ ቀዳዳ ግን ይተዋል፤ በገና ሰሞን፣ በጌታቸው ቤት ወይም ጌታቸው ባለበት ከሆነ መጫወት ይችላሉ። እኛ በተረት የያዝነውን እነርሱ በሕግ አንቀጽ ጻፉት። በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ያለው ሰው ደግሞ በግቢው ውስጥ አገልጋዮቹ እንዲጫወቱ ፈቃድ የመስጠት መብት ነበረው። ሕጉን ያወጣው ንጉሥ ራሱ በወጣትነቱ ቴኒስ የሚወድ፣ በየቤተ መንግሥቱ የቴኒስ ሜዳ የነበረው ሰው መሆኑን ስታስቡ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጨዋታው ኃጢአት ሆኖ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ለማን እንደሆነ ነው ዋናው።

በእርግጥ የክልከላው ምክንያት መደብ ብቻ አልነበረም። ነገሥታቱ በጦር ጊዜ ቀስት የሚወረውር ገበሬ ይፈልጉ ነበር። በ1363 የእንግሊዙ ኤድዋርድ 3ኛ ጤነኛ ወንድ ሁሉ በበዓል ቀን ቀስት እንዲለማመድ፣ ኳስና መሰል ከንቱ ጨዋታዎችን እንዲተው አዘዘ። የስኮትላንዱ ጄምስ 1ኛ በ1424 እግር ኳስን ከለከለ፤ በ1457 ደግሞ ክልከላው ጎልፍን ጨምሮ ታደሰ። ከእነዚህም በፊት፣ በ1314፣ የለንደን ከንቲባ በከተማዋ ውስጥ በትልልቅ ኳስ ምክንያት የሚነሣውን ሁከት በአዋጅ አግዶ ነበር። ክልከላው በየትውልዱ የተደጋገመው የሚታዘዘው ሰው ስላልተገኘ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ የሠራ አዋጅ ሦስት ጊዜ አይነገርም።

ወደ ፈረስ ልለፍ፤ ነገሩ የሚበረታው እዚህ ላይ ነውና። ዱላና ሩር ከጫካ ይገኛሉ፤ ፈረስ ግን ገብስና ሣር፣ ባልደራስ፣ ኮርቻ፣ ልጓምና ግላስ ይፈልጋል። ስለዚህ የፈረስ ስፖርት በየትም አገር ያላቸው ሰዎች ስፖርት ነበር። በጥንታዊቷ ግሪክ የኦሎምፒያ የሠረገላ ውድድር አክሊሉን የሚደፋው አለንጋ የያዘው ነጂ ሳይሆን የፈረሶቹ ባለቤት ነበር። በ416 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ አልኪቢያደስ የተባለው የአቴና መኳንንት በአንድ ውድድር ሰባት ሠረገላ አሰለፈ፤ ሀብቱን ለማሳየትና ፖለቲካዊ ዝና ለመሸመት እንደሆነ አልሸሸገም። በ396 ደግሞ የስፓርታ ንጉሥ ልጅ የነበረችው ኪኒስካ፣ ሴቶች በወንዶቹ የኦሎምፒያ ውድድር በማይሳተፉበት ዘመን፣ የፈረሶች ባለቤት በመሆኗ ብቻ አሸናፊ ተባለች። ሴትነቷ ያጠበበውን በር ሀብቷ ከፈተላት። በሌላው ዓለምም ቢሆን ሴቶች በእነዚህ ጨዋታዎች የነበራቸው ስፍራ የተመልካችነት ወይም፣ በእንግሊዝ የገጠር በዓላት እንደሚደረገው፣ ለቀሚስ ሽልማት የመሮጥ ያህል ነበር።

የእኛን ጉግስ ያየ ሰው የጦር ልምምድ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው እየጋለበ ዘንጉን ይወረውራል፣ የሚሸሸው ጋሻውን ወደ ኋላው አዙሮ ጀርባውን ይከላከላል። ጥምቀትና መስቀል የሚደረጉባቸው ሜዳዎች፣ ከአዲስ አበባ ምሥረታ በኋላም ጃን ሜዳ፣ የዚህ ጨዋታ መድረኮች ነበሩ። ጋሻው በብር ማጌጡ፣ ለምዱና ጎፈሩ የማዕረግ ምልክቶች ነበሩ፤ ስለዚህ ተመልካቹ ገና ጋላቢው ሳይወረውር ማን እንደሆነ በልብሱ ያውቀዋል። መኳንንቱ ከአባታቸው ስም ይልቅ በፈረሳቸው ስም መጠራታቸውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው መባላቸውን የማያውቅ የለም። ይህን ሁሉ ኮርቻና ልጓም የሚሠሩት ፋቂና ቀጥቃጭ ግን በብዙ ቦታ ርስት የሌላቸው፣ ቡዳ እየተባሉ የሚሸሹ ሰዎች ነበሩ። ያለ እነርሱ እጅ ጉግስ አይኖርም፤ በጉግሱ ሰልፍ ግን ቦታ የላቸውም።

በሩ ለማንም አይከፈትም ነበር ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ባልቻ ሳፎና ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡ ናቸው፤ አንዱ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሌላው የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ሆኑ። በጌታ ቤት አገልግሎ፣ በጦርና በፈረስ ችሎታ ራሱን አሳይቶ ወደ ላይ መውጣት ይቻል ነበር። በአውሮፓም የዚህ ምሳሌ አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዊልያም ማርሻል፣ ታናሽ ልጅ በመሆኑ ርስት ያልደረሰው ባላባት፣ በፈረሰኞች ግጥሚያ ተጋጣሚዎቹን እየማረከ በፈረሶቻቸውና በቤዛቸው ገንዘብ ሀብት አከማቸ፤ በ1216 ደግሞ ለሕፃኑ ንጉሥ እንደራሴ ሆኖ እንግሊዝን ገዛ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ግጥሚያ በ1130 በክሌርሞን ጉባኤ አውግዛ፣ በዚያ ለሚሞት ሰው የቤተ ክርስቲያን ቀብር ብትነፍግም መኳንንቱ አልተዉትም።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጠመንጃ እየመጣ፣ ፈረሰኛው በጦር ሜዳ የነበረው ዋጋ እየቀነሰ ሲሄድ፣ የግጥሚያው በር ይበልጥ ጠበበ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን አገር ወደ ግጥሚያ የሚገባ ሰው አያቶቹ በአራቱም ወገን ባላባቶች መሆናቸውን እንዲያስመሰክር ይጠየቅ ነበር። ማርሻልን የመሰለ ሰው ችሎታውን ይዞ ሲመጣ የነበረው ሜዳ አሁን የዘር ሐረግ ማረጋገጫ ሆነ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ አንድ መደብ ሥልጣኑ ሲነቃነቅ ጨዋታውን አጥብቆ እንደሚያጥር ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1559 ለልጁ ሠርግ በተደረገ ግጥሚያ የጦር ስባሪ ዓይኑ ላይ ተሰክቶ በመሞቱ በፈረንሳይ ጨዋታው ተዳከመ። አጥሩ ግን ወደ ሌላ ስፖርት ዞረ።

ወደ አደን ማለት ነው። በእንግሊዝ የ1671 የአደን ሕግ ቆቅና ጥንቸል ለማደን በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ የራስ መሬት ወይም 150 ፓውንድ የሚያወጣ የረጅም ጊዜ ኪራይ መኖር እንዳለበት ደነገገ፤ ሕጉ እስከ 1831 ጸና። በዚያው ዘመን ለፓርላማ አባል ድምፅ ለመስጠት የሚጠየቀው 40 ሽልንግ፣ ማለትም 2 ፓውንድ ነበር። ብላክስቶን የተባለው የሕግ ሊቅ ቆቅ ለመግደል ድምፅ ለመስጠት ከሚያስፈልገው 50 እጥፍ ሀብት ይጠየቃል ብሎ ተሳልቋል። ገበሬው በገዛ እርሻው ላይ ሰብሉን የሚበላውን ቆቅ መግደል አይችልም፤ ጌታው ግን ቀበሮ እያሳደደ በዚያው ሰብል ላይ ይጋልባል። በእኛ አገር አደን ከዚህ ይለያል። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ከየትም ይምጣ ይፎክራል፣ ይሞገሳል፣ ስሙ ይገናል፤ አደን ለድኻው የክብር መሰላል ነበር። ሆኖም በብዙ ቦታ ከዝሆኑ ሁለት ጥርሶች አንዱ ለገዢው ይገባ ስለነበር፣ ጀግንነቱም ግብር ነበረበት።

እስከ አሁን ያልኋችሁ ጌቶች ስፖርትን እንዴት እንደከለከሉና እንዳጠሩ ነው። አሁን ደግሞ ጌቶች ስፖርትን እንዴት እንደገዙት ልናገር፤ ለአሠልጣኞች ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ይመስለኛል።

በእኛ አገር መኰንን በበቅሎ ሲሄድ ጋሻ ጃግሬውና አሽከሮቹ በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ በእግራቸው ይከተሉት ነበር፤ የተከታዩ ብዛት የጌታው ክብር መለኪያ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንትም ከሠረገላቸው ፊት ፊት የሚሮጡ አገልጋዮች ነበሯቸው። እንግሊዞቹ ዘንድ ግን አንድ ነገር ተጨመረ፤ ውርርድ። አንዱ መስፍን የራሱን ሯጭ ከሌላው መስፍን ሯጭ ጋር ያወዳድር፣ ገንዘብ ያስይዝ ጀመር። በክሪኬት፣ ኳስ ተወርውሮ በእንጨት በሚመታበት የእንግሊዞች ጨዋታ፣ ጥሩ አትክልተኛ ወይም ጥሩ ፈረስ ጠባቂ የሚቀጠረው ኳስ በመወርወር ችሎታው የሆነበት ጊዜ ነበር። በቦክስ ጃክ ብሮተን የተባለው፣ ቀድሞ በቴምዝ ወንዝ ጀልባ ይቀዝፍ የነበረ ሰው፣ የካምበርላንድን መስፍን ድጋፍ አግኝቶ በ1743 የመጀመሪያዎቹን የቦክስ ደንቦች አወጣ። በ1750 ዓይኑ አብጦ ማየት ተስኖት ሲሸነፍ ግን መስፍኑ ብዙ ገንዘብ ስለከሰረ ፊቱን አዞረበት፣ የብሮተንም የግጥሚያ ቤት ተዘጋ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ በ1727 የሪችመንድ መስፍንና ብሮድሪክ የተባለ መኰንን ለክሪኬት ግጥሚያቸው የፈረሙት ስምምነት ነው። በየወገኑ 12 ተጫዋች እንዲኖር፣ በሁለቱ ዊኬቶች፣ ማለትም ኳሱ በሚነጣጠርባቸው የእንጨት ችካሎች፣ መካከል ያለው ርቀት 23 ያርድ እንዲሆን ይወስናል፤ በስፖርት ታሪክ ከተጻፉ ጥንታዊ የጨዋታ ደንቦች አንዱ ነው። በውስጡ ግን በጨዋታው ስለሚነሣ ክርክር ከሁለቱ ጌቶች በቀር ማንም ተጫዋች ሐሳብ እንዳይሰጥ፣ ከሰጠም ከጨዋታው እንዲወጣ የሚል አንቀጽ አለ። እኛ ዛሬ የስፖርት ሕግ የምንለው፣ ለሁሉም እኩል የሚሠራ የጽሑፍ ደንብ፣ ከእኩልነት ፍላጎት አልተወለደም። ጌቶቹ ገንዘባቸውን አስይዘው በኋላ እንዳይጣሉ ብለው የጻፉት ውል ነው፤ ሮጦ የሚያልበው ሰው አፉን እንዲዘጋ በዚያው ውል ተጽፎለታል። አሠልጣኝ ሆናችሁ አትሌቱ ከዳኛ ጋር እንዳይከራከር ስታዝዙ፣ ይህ ሥርዓት ከየት እንደመጣ ማወቁ አይከፋም።

በመካከል የቼዝ ዘመድ ስለሆነው ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ ጥቂት ልበል፤ ስፖርት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ትተን። ሰንጠረዥ በአገራችን የመኳንንት ቤት ጨዋታ ነበር፤ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሲጫወቱት አይቷል። ሲጀመር ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ወረራ ይባላል። የአውሮፓ ተጓዦች እንደጻፉት፣ ንጉሡን በኃይለኛ ጠጠር ብቻ ማማታት፣ ማለትም መውጫ አሳጥቶ መያዝ፣ እንደ ብልኀት አይቆጠርም ነበር፤ የሚደነቀው በደካሞቹ፣ በተለይም በእግረኞቹ ተባብሮ ማማታት ነው። ገባርና ባላባት በኖሩበት አገር፣ ያውም በባላባቱ ሰሌዳ ላይ፣ ንጉሥን በእግረኛ መያዝ የተመሰገነ መሆኑ ፈገግ ያሰኘኛል።

የቀረኝ የሜዳ ጉዳይ ነው። የሕዝብ ጨዋታ የሚያስፈልገው ፈቃድና ቀን ብቻ አይደለም፤ የማንም ያልሆነ፣ ወይም የሁሉም የሆነ መሬት ይፈልጋል። በእንግሊዝ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓርላማው በሺዎች የሚቆጠሩ ሕጎች አውጥቶ የጋራ ግጦሽና ሜዳውን ለባለርስቶች አከፋፍሎ አሳጠረው። መንደሩ ኳስ የሚጫወትበት መሬት ባለቤት አገኘ። ጨዋታው ወደ መንገድ ሲወጣ የ1835 የመንገድ ሕግ በአውራ ጎዳና ላይ እግር ኳስ የሚጫወት ሰው እስከ 40 ሽልንግ እንዲቀጣ ደነገገ፤ በደርቢ ከተማ ሕዝቡ በዓመት አንድ ጊዜ የሚጫወተውን ጥንታዊ ኳስ ለማስቆም በ1840ዎቹ ወታደር ተጠራ። በዚያው በ1835 የወጣ ሌላ ሕግ በሬና ድብ በውሻ ማስነከስን፣ ዶሮ ማዋጋትንም ከለከለ፤ የእንስሳት ሥቃይ ያሳዘናቸው ሕግ አውጪዎች ራሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጡበትን የቀበሮ አደን ግን አልነኩትም። እርሱ በእንግሊዝ የተከለከለው በ2004 በወጣ ሕግ ነው።

ይህን ስናገር እዚህ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች የምታስቡት ይገባኛል። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከሱሉልታ እስከ ሰንዳፋና ለገጣፎ፣ ፈረስ ይጋለብበትና ገና ይመታበት የነበረው መስክ በቆርቆሮና በግንብ አጥር እየተከፈለ ነው። ቤት ያስፈልጋል፣ ፋብሪካም ያስፈልጋል፤ ይህን አልክድም። የከተማ ፕላን የሚያወጡ ሰዎች ግን የስፖርት ሜዳ ሲሉ ኳስ የሚጫወቱበትን አራት ማዕዘን ብቻ ስለሚያስቡ፣ ዳርቻ የሌለው ሜዳ የሚፈልገውን ጨዋታ በወረቀታቸው ላይ አያገኙትም። ባላባቱ ቀርቶ፣ ገባሩ ቀርቶ፣ ገናም በዚህ ምክንያት ሊቀር ይችላል። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በእኛ አቆጣጠር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ተደራጅቶ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የፈረስ ትርኢቱን ማቆየቱ ያልተለመደ ነው፤ ሜዳውንና ቀኑን የሚጠብቅ ድርጅት ስላለው ይመስለኛል።

በመጨረሻ የድሮው አጥር በፋብሪካው ዘመን ምን እንደሆነ ላንሣ። ፈርሷል የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1866 በለንደን የተቋቋመው የአማተር አትሌቲክስ ክለብ አማተር፣ ማለትም ለገንዘብ ሳይሆን ለስፖርቱ ፍቅር የሚወዳደር ሰው፣ ማን እንደሆነ ሲተረጉም፣ መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያና የቀን ሠራተኛ አይገቡም አለ። ምክንያቱ በአፍ የሚነገረው ጉልበቱን ለሥራ የሚጠቀም ሰው ያለአግባብ ይጠነክራል የሚል ነበር። በ1880 የተመሠረተው የእንግሊዝ አትሌቲክስ ማኅበር ይህን አንቀጽ ተወው፤ የቀዘፋው ማኅበር ግን እስከ 1937 ድረስ አቆየው። ቀዘፋን ለውድድር ያበቁት እነማን ነበሩ? ሰው በጀልባ እያሻገሩ የሚኖሩት የቴምዝ ቀዛፊዎች ከ1715 ጀምሮ በየዓመቱ ለቀይ ካፖርትና ለብር ባጅ ይወዳደሩ ነበር፤ ውድድሩ ዛሬም አለ። እነርሱ በፈጠሩት ስፖርት ውስጥ አማተር ተብለው መግባት የተከለከሉት ከማንም በላይ መቅዘፍ ስለሚችሉ ነው። እዚህ በሱሉልታ መንገድ ዳር ማልደው የሚሮጡት የገበሬ ልጆችም በ1866ቱ ደንብ ቢመዘኑ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ጋ አይደርሱም ነበር።

ጥያቄ ካላችሁ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።